ከጎሮ ጓሮ ከዋክብትን ስለ መመልከት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሥነ ፈለክ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናስብበት በዚህ በዓል፥ እያንዳንዱ ክበብ የሠራውን ሥራ በአጭሩ እንዲናገር በተፈቀደው መሠረት፥ እኛም የሥነ ፈለክ ክበብ አባሎች በመካከላችሁ ቆመን ለመናገር በመቻላችን ደስታችን ታላቅ ነው። የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ጠቢባን አይደለም፤ እዚሁ ጎሮ፥ ከትምህርት ቤታችን አጥር ብዙም ሳይርቅ፥ በአንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ ስለ ሠራናት ትንሽ የከዋክብት መመልከቻ ነው። እንዴት እንደ ሠራናት፥ ምን እንዳበላሸን፥ ከማን ጋር እንደ ተጣላንና እንዴት እንደ ታረቅን እንነግራችኋለን። ከእናንተም መካከል በቤቱ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ቢኖር፥ የኛ ስሕተት ለእሱ ትምህርት ይሆነዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰማይን መመልከት ለአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባናል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በውስጡም ፀሐይና ጨረቃ በየወራቱ ስለሚወጡባቸውና ስለሚገቡባቸው ደጆች የሚናገር ክፍል አለ። በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብም የፀሐይንና የጨረቃን ሂደት አስማምቶ የሚቆጥር ትምህርት ነው። በደቡብ በቦረናዎች ዘንድ ደግሞ አያንቱ የሚባሉ ዐዋቂዎች ጨረቃ ከታወቁ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እየተመለከቱ ወሩንና ቀኑን ይለያሉ። ለዚህ ሁሉ መሣሪያቸው ዐይናቸውና ትዕግሥታቸው ነው።

በቅርቡ ዘመንም ቢሆን ሥራው አልተቋረጠም። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። በ2007 ዓ.ም. የእንጦጦ የከዋክብት መመልከቻ ተመረቀ፤ ይህም ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ሲሆን፥ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተመጠቀች።

በዚያው ወር ውስጥ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አልሰማውም፥ እኛን ግን ለዚህ ሥራ ያነሣሣን እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቷም «አቦል» ተባለች። ቀድሞ በቁጥር ብቻ ይጠራ የነበረው ኮከብ ከዚያ ወዲህ በዓለም መዝገብ ላይ በአማርኛ ስሙ ተጽፎ ይገኛል።

እኛም ይህን በሰማን ጊዜ፥ «ስሙን ያወጣንለትን ኮከብ እስካሁን ከመካከላችን ማን አየው?» ብለን ተጠያየቅን። ያየ አልነበረም። እንግዲህ «ቡናን ከጎሮ ማየት ይቻላልን?» የሚለው ጥያቄ የክበባችን የመጀመሪያ ጥያቄ ሆነ።

ወደ ሰማይ የማየቱ ፍላጎት ግን ቀደም ብሎ አድሮብን ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፥ ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ፥ በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ በአዲስ አበባም አብዛኛው ገጿ ተሸፍኖ የማጭድ መልክ ያዘች። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው፥ እኛም የአንደኛ ደረጃ ልጆች ሆነን በየቤታችን ነበርን። ወላጆቻችን ፀሐይን እንዳናይ ከልክለውን ሳለ፥ በዛፍ ቅጠል መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የወደቀው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ መስሎ አየነው። ካርቶን በመርፌ ቀድተን ብርሃኑን በነጭ ወረቀት ላይ ብናሳርፈው እዚያም ማጭዷ ታየች። ያ የተቀደደ ካርቶን የመጀመሪያው መሣሪያችን ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያችን የገዛ እጃችን ነው። ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ እጅን ቢጨብጡት፥ የጭብጡ ስፋት ከሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው በዚያው በ9 ዲግሪ ገደማ ነው። ይኸውም አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ማለት ነው። በለንደን ግን 51 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። በውጭ አገር መጽሐፍ የተማረ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ሲፈልገው ቢያመሽ አያገኘውም፤ በእንጦጦ ተራራ አናት ላይ ዝቅ ብሎ መፈለግ አለበት። በአንጻሩ ደግሞ የለንደን ሰው ፈጽሞ የማያየውን የደቡብ መስቀል እኛ በግንቦት ማታ ከግቢያችን ሆነን እናያለን። ከሰሜኑም ከደቡቡም ድርሻ ስላለን፥ የኛ ሰማይ ከብዙዎች ሰማይ ይሰፋል።

ሦስተኛው የጂኦሜትሪ ፕሮትራክተር ነበር። በመካከሉ ክር አስረን፥ በክሩ ጫፍ ጠጠር አንጠልጥለን፥ የከዋክብትን ከፍታ መለካት ቻልን። በግቢ ውስጥ ቀጥ አድርገን በተከልነው እንጨትም በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ከእግሩ ሥር ገብቶ እንደሚጠፋ አየን፤ በእነዚህ ቀኖች ፀሐይ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለችና። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር እንኳ አላወጣንም።

ቴሌስኮፕ መግዛት ባሰብን ጊዜ ግን ስሕተታችን ጀመረ። ገንዘብ አዋጥተን ከአንድ ሱቅ አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዛን። የፊት ምስሩ ስፋት 60 ሚሊሜትር ነው፤ በሣጥኑ ላይ ግን «525 ጊዜ አጉልቶ ያሳያል» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚህ ቁጥር ተማርከን ስንመለከትበት፥ ጨረቃ እንደ ወተት ጉም ሆና ከመታየቷ በቀር ምንም አልተለየን። ማቆሚያ እግሮቹም ቀጫጭን በመሆናቸው፥ ትንፋሽ ሲነካው ኮከቡ ሁሉ ይዘላል።

በኋላ ግን መምህራችን ነገሩን አስረዱን። የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ ሰፊ ሳፋ ከጠባብ ብርጭቆ ይልቅ ብዙ የዝናብ ውኃ እንደሚይዝ ማለት ነው። የሚጠቅመው የማጉላት መጠን ቢበዛ የምስሩ ስፋት በሚሊሜትር ተቆጥሮ ሁለት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ባለ 60 ሚሊሜትሩ ከ120 ጊዜ በላይ ቢያጎላ ድንግዝግዙን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። «ከሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትግዙ፤ ስፋቱን ጠይቁ» አሉን። ይህን ቃል ለሁላችሁም እናስተላልፋለን።

ከዚህ በኋላ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ከውጭ አገር ሲመጡ 114 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዘ ቴሌስኮፕ አመጡልን። በጨለማ በሚገባ የሰፋ የሰው ዐይን ብሌን 7 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ይህ መስታወት ከዐይናችን ከ250 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። የመስታወቱ የትኩረት ርቀት 900 ሚሊሜትር ነው። ምን ያህል እንደሚያጎላ ለማወቅ፥ ይህን ቁጥር ለዐይን ምስሩ የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው፤ በ25 ሚሊሜትሩ የዐይን ምስር 36 ጊዜ፥ በ10 ሚሊሜትሩ 90 ጊዜ ያጎላል። እስካሁን ካየነው ነገር አብዛኛውን ያየነው በ36ቱ ነው።

የመጣበት ማቆሚያ ግን ለኛ አገር አልተስማማም። ከምድር መዞር ጋር አብሮ እንዲዞር የተሠራ ሆኖ ዘንጉ ወደ ሰሜኑ ኮከብ እንዲያነጣጥር 9 ዲግሪ ድረስ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን ከዚያ በላይ ቀርቶ እንቢ አለ። በዚህ ጊዜ ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ያስፋፋውን ዘዴ አነበብን። ይህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ገዳማዊ የነበረ ሲሆን፥ ከተጣለ እንጨትና ካርቶን ትልልቅ ቴሌስኮፖች እየሠራ፥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር በመንገድ ዳር አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳተርንን ያሳይ ነበር። ማቆሚያው ሣጥን ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ይዞራል፥ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፥ ሌላ ነገር የለበትም። እኛም ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ትርፍራፊ ኮምፔንሳቶ ለምነን፥ መዞሪያው እንዲለሰልስ ፎርማይካ ለጥፈን፥ በሁለት ቅዳሜ ሠራነው። ከመጣበት ማቆሚያ ይልቅ የኛ ሣጥን ጸና።

ቀጥሎ የመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ «ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል» ብለን በአንዱ ጓደኛችን ቤት ሶሌታ ላይ ከውኃው ሮቶ አጠገብ አቆምነው። ቀን ፀሐይ የጠጣው ሲሚንቶና የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ማታ ሙቀቱን ሲተፋ፥ ጁፒተር ከፈላ ውኃ ሥር እንዳለ ሳንቲም ትንቀጠቀጥ ነበር። የውኃ መሳቢያው ሞተር በተነሣ ቁጥርም ሶሌታው ይርዳል። ይህ ሁሉ ሳያንስ፥ የባሰው ነገር መጣ።

አንድ ማታ የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባወራ ገብተው ለቤቱ ጌታ፥ «ልጆቹ ጣራ ላይ ወጥተው በመነጽር ቤቴን ያያሉ፤ እኔ ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ይህ ነገር አያምርም» አሉ። እኛም ወርደን ለመማል ብንሞክር አልሰሙንም። ሌሎችም ጎረቤቶች፥ «አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ይህ ነገር ኋላ ሰፈሩን ያስጠይቃል» ማለት ጀመሩ። የጓደኛችን አባትም መሣሪያውን ከሣጥኑ እንዳናወጣ ከለከሉን። በዚያች ሌሊት ክበባችን የፈረሰ መስሎን ነበር።

እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያ ተቈጣን። በኋላ ግን አንዲት የክበባችን አባል፥ «በኛ ቤት ትይዩ ሰው ጣራ ላይ በመነጽር ቢቆም እኔስ ደስ ይለኛልን?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ሳናስፈቅድ የጀመርን እኛ ነን። ስለዚህ ነገሩን ወደ ሰፈሩ ዕድር ሽማግሌዎች ወሰድነው።

ሽማግሌዎቹም አንድ ማታ መጡና መሣሪያውን አዩ። አንደኛው፥ «የምታዩት ሰማይ ከሆነ፥ ወደ ምድር የሚያወርደው ነገር ለምን አስፈለገው?» ብለው ጠየቁን። ከጣራው እንድንወርድና መነጽሩ ከግማሽ ሰማይ በታች፥ ማለት ከ45 ዲግሪ በታች፥ እንዳይወርድ ፈረዱ። እኛም ከጣራው መውረዱን ወዲያው ተቀበልን፤ ስለ ሁለተኛው ግን ፕሮትራክተራችንን ይዘን ተከራከርን። የደቡብ መስቀል በኛ ሰማይ ቢበዛ ወደ 21 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከ45 በታች ከተዘጋ ፈጽሞ አናየውም አልን። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በ15 ዲግሪ ተስማማን። መነጽሩ ከዚያ በታች እንዳይወርድ በሣጥኑ ላይ የእንጨት ማገጃ ቸነከርንበት፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት። በዚህ ስምምነት የሰሜኑን ኮከብ አጣነው፤ 9 ዲግሪ ላይ ነውና። ከ15 ዲግሪ በታች ያለውን ሰማይ ሁሉ ለጎረቤቶቻችን ሰላም ስንል ተውን።

ከዚያም ጨረቃን አሳየናቸው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይህ ሁሉ ጠባሳ ምን የመታት ነው?» አሉ። ከጠፈር የወደቁ ድንጋዮች እንደ ሆኑ ነገርናቸው። በመጨረሻ የተመለከቱት ከሳሻችን ጎረቤታችን ናቸው። ጁፒተርን ከአራቱ ጨረቃዎቿ ጋር አሳየናቸው፤ እነዚህም ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚያው ናቸው። «ነገ ማታ ቦታቸውን ለውጠው ያገኟቸዋል» ብንላቸው በማግሥቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በምንመለከትበት ሌሊት የበራቸውን መብራት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያጠፉልናል። ይህን ያህል የጠቀመን ሌላ መሣሪያ የለም።

ከጣራው ከወረድን በኋላ የሌላ ጓደኛችን አያት ጓሯቸውን ፈቀዱልን። የኮሰረትና የጤና አዳም መደባቸውን እንዳንረግጥ ብቻ አስጠነቀቁን። መሬቱ ሣር ስለ ሆነ ሙቀት አይተፋም፤ የብሎኬት አጥሩም የመንገዱን መብራት ይጋርዳል። የቀረውን ብርሃን ጥቁር ጨርቅ ራሳችን ላይ ጣል በማድረግ ተከላከልነው።

ሆኖም ትልቁ ጥፋታችን ከዚህ በኋላ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ፤ ደመናው እስከ መስከረም እንደማይነሣ ስለምናውቅ፥ መሣሪያውን «እንዳይረጥብ» ብለን በፕላስቲክ ጠቅልለን፥ አጥብቀን አስረን በዕቃ ቤት አኖርነው። በመስቀል ሰሞን ስንፈታው፥ ፕላስቲኩ እርጥበቱን ከውስጥ ይዞት ኖሮ በመስታወቱ ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ አገኘነው። አንዱ ጓደኛችን ደንግጦ በመሐረብ ሊጠርገው ሲል ጫረው። በተጣራ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፥ ሳናሽ፥ እንደ ሕፃን ገላ ብናጥበው አብዛኛው ለቀቀ፤ ነገር ግን የመስታወቱ ቅብ በሁለት ስፍራ እንደ ተነሣ ቀርቷል። አጎቱ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ በመፍራት ለአንድ ወር ሳንነግራቸው ቆየን። በኋላ ስንነግራቸው፥ «ዕቃ አበላሻችሁ፤ ትምህርቱን ግን ጣልን እንዳትሉ» አሉን እንጂ አልተቈጡንም።

እንግዲህ ቤት እንደሚያስፈልገው የተረዳነው በዚህ ጊዜ ነው። ቤቱም እንደሚከተለው ነው። ወርዱና ቁመቱ ሁለት ሁለት ሜትር ሆኖ፥ አቋሙ ቱቦላሬ፥ ልባሱ ቆርቆሮ ነው። ጣራው በአራት ኩሽኔታ ላይ ሆኖ በሁለት የአንግል ብረት ሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይከፍተዋል። ነፋስ እንዳያነሣው በአራቱም ማዕዘን መንጠቆ አለው። ውጭው ሙቀት እንዳይጠጣ ነጭ ተቀብቷል። ሣጥኑ የሚያርፍበትን የሲሚንቶ መደብ ከቤቱ ወለል ለይተን መሬት ውስጥ 60 ሴንቲሜትር አውርደን ሠራነው፤ በዚህም ሰው ሲራመድ ኮከቡ አይናወጥም። ከጣራው ሥርና ከግርጌው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ትተናል። መስታወቱንም በክረምት በፕላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን፥ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት አጠገቡ አኑረን፥ ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉ ቤቱን እንከፍታለን። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ክረምት ሻጋታ አልነካውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ቡና በባዶ ዐይን አይታይም፤ ሰማዩ ከጠራ ግን በጥሩ ባይኖክላርና በትንሽ ቴሌስኮፕ ይታያል። የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ነው። አልማክ ከሚባለው ኮከብ አልጎል ወደሚባለው ኮከብ መስመር ቢሰመር፥ ቡና በመስመሩ እኩሌታ አጠገብ ይገኛል። በኅዳር ማብቂያና በታኅሣሥ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፥ ፊትን ወደ ሰሜን መልሶ ከግማሽ ሰማይ ጥቂት ከፍ ብሎ መፈለግ ነው። እኛ ግን ለብዙ ማታ ብንፈልገው የከተማው ብርሃን ደካሞቹን ከዋክብት ሁሉ ስለሚውጣቸው መንገዱ ይጠፋብን ነበር።

አንድ የኅዳር ማታ በሰፈራችን መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያዝናል፤ እኛ ግን ወደ ጓሮ እንሮጣለን። ጣራውን ገፍተን፥ ዐይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን፥ ከአልማክ ተነሥተን በካርታው ላይ ያሉትን ትንንሽ ከዋክብት እየቆጠርን ሄድን። በመጨረሻም ካርታው ቡና በሚልበት ስፍራ አንዲት ነጣ ያለች ትንሽ ነጥብ አገኘን። እንዳንሳሳት የከዋክብቱን አቀማመጥ በደብተራችን ሣልን፤ በሌሎች ሁለት ሌሊቶችም ሥለን ከካርታው ጋር አስተያየነው። ራሱ ነበር።

በዚያች ማታ አያታችን በከሰል ምድጃ ቡና እያፈሉ ነበር። «ቡና የሚባል ኮከብ አለ ትላላችሁ፤ እስቲ ልየው» ብለው መጥተው አዩ። «ይቺው ናት?» አሉ። «ይችው ናት» አልን። «ታዲያ አቦሉስ?» ቢሉን፥ አቦል እንደማትታይ ነገርናቸው። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ታላቅ ፕላኔት ናት፤ ነገር ግን በኮከቡ ብርሃን ስለምትዋጥ፥ ጠቢባን ያወቋት ኮከቡን በስበቷ ስታወዛውዘው ለክተው ነው። ብርሃኑም ከዚያ እስኪደርስ ወደ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በዚያች ማታ ዐይናችን የገባው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። አያታችንም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔ ቤት አቦሉ ይታያል፤ ኑና ጠጡ» አሉን።

የተከበራችሁ አድማጮች፥ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ሁሉ ጥቂት ምክር አለን። አንደኛ፥ ፀሐይን በቴሌስኮፕም ሆነ በባይኖክላር ፈጽሞ አትዩ፤ ለቅጽበት እንኳ ቢሆን ዐይን ያጠፋል። በውኃ ሳፋ ውስጥ መመልከትም አያስተማምንም። በዐይን ምስሩ ላይ የሚጠለቁ ጥቋቁር የፀሐይ መስታወቶችም በሙቀት ስለሚሰነጠቁ ጣሏቸው፤ በካርቶን ቀዳዳ በወረቀት ላይ አሳርፋችሁ ማየት ይሻላል። ሁለተኛ፥ ኮከብ ለማመልከት የሌዘር መብራት ወደ ሰማይ አታብሩ፤ እኛ ያለነው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ነው፥ የአብራሪን ዐይን ያሳውራልና። ሦስተኛ፥ ማስታወሻ የምትጽፉበትን የእጅ ባትሪ በቀይ ጨርቅ ሸፍኑ። አራተኛ፥ ያያችሁትን ሁሉ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ጨምራችሁ በዚያው ሌሊት ጻፉ። አምስተኛ፥ ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አስፈቅዱ፤ እኛ ይህን በመጨረሻ አድርገን ተቸገርን።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጆቻችን ሌሊቱን ሲያመሹ ትምህርታቸውን ይበድላሉ ብላችሁ መሥጋታችሁ ትክክል ነው። ስለዚህ ደንብ አውጥተናል፤ የምናመሸው በዓርብና በቅዳሜ ብቻ፥ እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ፈተና በደረሰበት ወርም ቤቱ ይቆለፋል፥ ቁልፉም በአያታችን እጅ ይሆናል። በፊዚክስ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ብቻ የምናውቃቸው ምስርና መስታወት አሁን ጉዳያችን ሆነዋል፤ ይህንም መምህሮቻችን ይመሰክሩልናል።

በመጨረሻም ልመናችንን እናቀርባለን። ከመካከላችን አብዛኞቹ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደን ከትምህርት ቤቱ እንሰናበታለን። ጎሮም በየዓመቱ ሕንፃው እየበዛ፥ መብራቱ እየበዛ፥ ሰማዩ እየጠበበ ነው፤ የዚያ ጓሮ ዕድሜ ስንት እንደ ሆነ አናውቅም። ስለዚህ ክቡር ዲሬክተራችን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ጨለማ ጥግ ቢፈቅዱልን፥ ቤቱን ፈተን፥ በጋሪ ጭነን፥ እዚህ ልንተክለው ዝግጁ ነን። መስታወቱ ሁለት ጠባሳ አለበት፤ ቢሆንም ያያል። ደብተራችንም የ43 ሌሊቶች መዝገብ ይዞ ባዶ ገጽ ገና ብዙ ቀርቶታል።

የታናሽ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ አቦሉን እኛ ጠጥተናል፤ ቶናውና በረካው የእናንተ ነው። ጀበናውን ግን አደራ፥ በክረምት በፕላስቲክ አትጠቅልሉት።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።